አበባው ወደ ደጅ ወይስ ወደ ቤት

ባለቤቴ አግብቶ ያስገባኝ ቤት ሱቅ ነበር። የሱቅ ጓዳ አላልኩም፤ ራሱ ሱቁ፣ ያውም ፊቱ! ጨርቃ ጨርቅ ይሸጥበት የነበረ ሰፊ መደብር በደርግ ጊዜ ተወረሰና ቀበሌው መሐሉ ላይ ግድግዳ አቁሞ ለሁለት ከፈለው። የኋለኛው ክፍል ለአንዲት ባልቴት ደረሳቸው፣ የፊተኛው ለባለቤቴ። የፊተኛው ማለት እንግዲህ ቬትሪናው ነው። ባለሱቁ በደህናው ጊዜ ከፋዩንና ሐሩን ዘርግቶ አላፊ አግዳሚውን ያማልልበት የነበረው፣ ከጉልበት ከፍታ ተነስቶ ኮርኒስ የሚነካው መስታወት። ከጎኑ ያለው በርም መስታወት ነው። ከነዚህ ሌላ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ቤቱ አልነበረውም።

መርካቶ ውስጥ ደግሞ መስታወት አይቶ ቆም ሳይል የሚያልፍ ሰው የለም። እኔ ቁጭ ብዬ ጎመን ስቀነጥስ አንዱ ከውጭ ይቆምና ጺሙን ያያል። ዓይን ለዓይን እንኳ ተጋጥመን የሚያየው ራሱን ነው። ጥርሱን ገልጦ ይመረምራል፣ ኮሌታውን ያስተካክላል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። ከገጠር ለገበያ የመጡትማ ያንኳኳሉ።

"እመቤት፣ ይቺ አልጋ ስንት ናት?"

"አትሸጥም ወንድሜ፣ ቤቴ ነው።"

"ሌላ ሰው ቀብድ ይዞባታል?"

"ኧረ እኔ ነኝ የምተኛባት!"

"እንግዲያ አሮጌ ናት፤ ቀንሺልኛ!"

ማታ ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ይህን እነግረዋለሁ፤ በሳቅ ይፈርሳል። እሱ ጎማ ተራ ነበር የሚሠራው። ከአሮጌ የመኪና ጎማ በረባሶ ጫማ ይቆርጣል። ዝምተኛ ሰው ነው፣ ሲስቅ ግን ትከሻው ሁሉ ይስቃል።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔ ያንን ቤት አልጠላሁትም። ከወሎ ገጠር፣ ውሻ ከጮኸ "ማን መጣ?" ተብሎ ከሚወራበት ሰፈር የመጣሁ ሰው ነኝ። ቤቴ ቁጭ ብዬ ጤፍ የጫኑ አህዮች ወደ እህል በረንዳ ሲያልፉ፣ ከአትክልት ተራ የተነሳ ጋሪ ላይ ቲማቲም ሲንከባለል፣ ሰው ሲጣላ፣ ሲታረቅ፣ እየተሳሳቀ ሲሄድ ሁሉን አያለሁ። ፊደልም የቆጠርኩት በዚያው መስታወት ነው። ፊት ለፊት ያሉ ሱቆች በራቸው ላይ የጻፉትን አንድ በአንድ እያየሁ፣ እትዬን እየጠየቅሁ። እትዬ የምላቸው ከጀርባችን ያሉትን ባልቴት ነው። ልጅ አልነበራቸውም፤ ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ ልጃቸው አድርገው ያዙኝ። በግድግዳው በኩል "ቡና አላለቀብሽም?" ይሉኛል፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ መጮህም አያስፈልጋቸው።

ችግሩ የመጣው እኔ ያረገዝኩ ጊዜ ነው።

በኛ አገር ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ሄዳ ነው። እናቴ ደግሞ ይሄን ቤቴን አንድ ጊዜ አይታዋለች፤ ከሠርጋችን በኋላ ልትጠይቀኝ መጥታ። ምሳ ስትበላ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጥላ፣ በነጠላው ውስጥ ነበር የምትጎርሰው። ሲመሽም ከነኩታዋ፣ ከነሻሿ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ጠዋት ስትነሳ "ልጄ፣ ባልሽ ደግ ሰው ነው፤ ቤትሽ ግን መንገድ ነው" ብላኝ ሄደች።

ማርገዜን እንደሰማች ከደሴ እህል ጭኖ በሚመላለስ ሹፌር መልእክት ላከችብኝ። ሹፌሩ በራችን ላይ ቆሞ፣ ቃሏን እንዳይስት ዓይኑን ጨፍኖ ነገረኝ፦

"እናትሽ እንዲህ ብለዋል። መውለጃዋ ሲቃረብ እመጣለሁ። አራስ የሚያስቀምጥ ቤት ካደረጋችሁት እዚያው አርሳታለሁ። እንደዚያው ከሆነ ግን ይዣት እመለሳለሁ። የልጅ ልጄን ገና ዓይኑን ሳይገልጥ የመርካቶ ዓይን አይበላውም። ይኸው ነው ያሉት።" ከዚያ ዓይኑን ገለጠና መስታወቱን ከላይ እስከ ታች አየው። "እንጃ እንግዲህ" ብሎ ጨመረ፤ ይቺኛዋ የራሱ ነበረች።

መሄድ አልፈለግሁም። እናት ቤት የሄደች አራስ ልጁ ጠንከር ሳይል አትመለስም። ባለቤቴን ደግሞ ለዚያን ያህል ጊዜ ከሥራው የሚለቀው የለም፤ ልጁን የሚያየው ተንፏቆ ካበቃ በኋላ ሊሆን ነው። "ሂጂ፣ እናት ይሻልሻል" አለኝ በአፉ። ይህን ሲለኝ ግን በእጁ የያዘውን በረባሶ እየመታ ነበርና ሚስማሩን ስቶ ጣቱን መታ። ገባኝ።

መስታወቱን ለመሸፈን ያልሞከርነው የለም። አቡጀዲ ሰቀልንበት፤ ቤቱ ጎተራ ሆነ። እኩለ ቀን ላይ አምፖል አብርቼ፣ ሽንኩርቱን በእጄ እየዳበስኩ መላጥ ጀመርኩ። እትዬ ሊጠይቁኝ ገብተው በርጩማ መስሏቸው ባልዲ ላይ ተቀመጡ። አቡጀዲውን አወረድነው። ባለቤቴ ቀለም ልቀባው ብሎ ቀበሌ ሊያስፈቅድ ሄደ። እዚያ የተቀመጠው ሰው፣ መስታወቱ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው፤ ቀለም አይነካውም፣ ሚስማር አይነካውም፣ ጡብም አይነካውም አለው።

"ምን አልከው ታዲያ?" አልኩት ሲመለስ።

"ምን እለዋለሁ? እሺ ብዬ መጣሁ።" ኮፍያውን አውልቆ አልጋው ላይ ተቀመጠና ወደ መስታወቱ አየ። አንድ ሸክም የያዘ ሰው ከውጭ ቆሞ እያየን ነበር። "ሰፊው ሕዝብማ ይኸው ንብረቱን እየጠበቀ ነው" አለ።

ከኛ በር አለፍ ብሎ አንድ ላስቲክ የሚሸጥ ጋሼ ነበር። የጉራጌ አገር ሰው ነው፤ ምላሱ ፈጣን፣ እጁ ለጋስ። ጥላ የሚሆን ወፍራም ላስቲክ፣ ለፍራሽ የሚሆን፣ ለጠረጴዛ የሚሆን ሁሉ በጥቅል በጥቅል አቁሟል። ከመሐላቸው አንዱ ጥቅል ግን መላ የጠፋለት ነበር። ከወደብ በመጣ ዕቃ ውስጥ ተቀላቅሎ የደረሰው ነው፤ ስሙንም ጥቅሙንም የሚያውቅለት ሰው አጣ። ስስ ነው። መልኩ ነጣ ብሎ ጉም ይመስላል፣ ጉሙ ላይ ቀይና ሰማያዊ አበባ፣ በመካከሉ አረንጓዴ ሐረግ ይወርድበታል። ከኋላው ወረቀት አለው። ጋሼ "የጠረጴዛ ልብስ ነው" ብሎ ሸጠው። የገዛችው ሴት በሳምንቷ መለሰችለት፤ እንግዳዋ የሻይ ብርጭቆውን ሲያነሳ የጠረጴዛ ልብሱ አብሮት ተነስቶ ስኳሩም ወተቱም እንግዳው ጭን ላይ ፈሰሰ።

ጋሼ ያንኑ የተመለሰ ቁራጭ ለኔ ሰጠኝ። "ውሰጂው ልጄ፤ አንቺ ቤት ብርጭቆው ጥቂት ነው።"

አንድ ጠዋት የኋላ ወረቀቱን ልጬ አጠብኩት። ነፋስ ስለነበር የማሰጣበት ቦታ አጣሁ። እትዬ መሐረብ ሲያጥቡ እርጥቡን መስታወት ላይ ሲለጥፉት አይቻለሁ፤ ሲደርቅ እንደተተኮሰ ሆኖ ይወርዳል። እኔም ላስቲኩን በውሃው እንደራሰ ቬትሪናው ላይ ከውስጥ በኩል በመዳፌ ጠፍ ጠፍ አድርጌ ለጠፍኩትና ወጥ ልሠራ ሄድኩ። ሲደርቅ ይወድቃል ብዬ ብጠብቅ አይወድቅም። በጥፍሬ ጫፉን አነሳሁት፣ ተነሳ። ለቀቅሁት፣ ተመልሶ ተጣበቀ። በመዳፌ ሳሸው ጸጉሬ ወደ እሱ ይሳብ ጀመር።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ልብ ያላልኩት ሌላ ነገር ነበር። አንድ ሰው ከውጭ መጣ፤ ያ ኮሌታ አስተካካይ ወገን ነው። ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ ላስቲኩ ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ፊቱን አኮሳተረና ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ባዶው መስታወት ላይ ጺሙን አየ። ላስቲኩ ጋ አላየኝም! ቤቱ ግን አልጨለመም። እንዲያውም ወለሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ አበባ ወድቋል።

እርጉዝ መሆኔን ረስቼ ወደ ጋሼ ሮጥኩ።

መጥቶ አየ። ነካው፣ ላጠው፣ መልሶ ለጠፈው።

"ምን ቀባሽበት?"

"ውሃ።"

"ከውሃው ሌላ?"

"ምንም።"

"ወይ ጉድ!" አለ አፉን በእጁ ይዞ። "ስንት ወር ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ሳስተኛው፣ መቆም የሚፈልግ ነገር ኖሯል!" የጥቅሉን ግማሽ ያህል ተሸክሞ መጣ። ስንት ልክፈል ብለው ተቆጣኝ። "የአራስ ጥሪ ነው ይሄ። ይልቅ ሲያልቅ ሰው እያመጣሁ አሳያለሁ፤ ቬትሪናሽ ለኔ ይሥራ።"

እሁድ ቀን ባለቤቴ እቤት ሲውል ልንለጥፈው ተሰለፍን። እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የተነሳው፤ አበባው ወደየት ይዙር? እኔ በውስጥ በኩል እንለጥፈው አልኩ፤ የያዘልኝ በውስጥ ነው። እትዬ ግን ከመቀመጫቸው ተነሱ።

"ምን ማለትሽ ነው? ጌጥ እኮ ለሚመጣ ሰው ነው! የነጠላ ጥለት ወደ ውስጥ ይለበሳል? እናትሽ ከሩቅ ስትመጣ አበባ ነው ማየት ያለባት፤ ጀርባውን አይደለም።"

ባለቤቴ እትዬን ሰማቸው። እኔም ነገሩ ልክ መሰለኝ። በኛ ዘንድ ያማረው ነገር መቼም ፊቱ ወደ እንግዳ ነው፤ ምንጣፉም፣ የአልጋ ልብሱም። እናም በውጭ በኩል ለጠፍነው።

ሥራው እንዴት እንደሚያስቅ! ሳሙና የቀበሌ ራሽን ስለሆነ በቁጠባ ውሃ ውስጥ በጠበጥነው። ባለቤቴ ከበረባሶ የተረፈ የጎማ ቁራጭ አምጥቶ፣ ጠርዙን አለስልሶ፣ ከላይ ወደ ታች ውሃውን በእሱ ይገፋል። አየር የያዘው ቦታ እንደ ብጉር ጉብ ይላል፤ ጎማው ሲደርስበት ሸሽቶ ሌላ ቦታ ጉብ ይላል። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አዛዥ ሆነ። "በግራ በኩል አለ!" "እሷን ተዋትና ታችኛዋን!" "በመርፌ ውጋት!" ጋሼ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ "ይኸው፣ ይኸው፣ ውሃ ብቻ!" እያለ ይሰብካል። ስንጨርስ ቬትሪናው እንደ ሙሽራ ልብስ አምሮ ቆመ፤ በሩም እንደዚያው።

ውጭ ግን ውጭ ነው። የመርካቶ አቧራ በጫፍ በጫፉ ገባበት፣ ፀሐይ አደረቀው፣ ነፋስ ማዕዘኑን ገለጥ አደረገው። ሁለት ጠዋት ተነስተን መልሰን ለጠፍነው። እትዬ በሦስተኛው ጠዋት ድስት ይዘው ብቅ አሉ።

"ያለ ሙጫ የሚይዝ ነገር መጀመሪያም አላመንኩትም። ይኸውላችሁ ሙጫ።"

ከራሽን ስንዴያቸው ያገነፉት ቀጭን የዱቄት ሙጫ ነው። እንዳይሻግት ብለው ደግሞ ጨው ጨምረውበታል፤ ያውም ደህና አድርገው። እኔ "ውሃው ይበቃዋል፣ ወደ ውስጥ እናዙረው" ብል ሁለቱም እኩል ተነሱብኝ። ባለቤቴ ጫፍ ጫፉን በሙሉ ቀባውና በጎማው ገፋው፤ የተረፈው በጠርዙ በኩል ተንጠፍጥፎ ደረቀ። ያዘ። በደንብ ያዘ። እትዬ ቀኑን ሙሉ እየመጡ በጣታቸው እየነኩ "ይኸው" ይሉ ነበር።

እናቴ የመጣችው በማግሥቱ ነው። ማታ ከደሴ ደርሳ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ዘመድ ቤት አድራ ኖሮ፣ ጓዟን አዝላ፣ መንገድ እየጠየቀች በማለዳ መጣች። እኔ ውስጥ አልጋው ላይ ተቀምጬ ፀጉሬን እያበጠርኩ ነበር። ከውጭ በኩል እርጥብ ነገር መስታወቱን ሲያሽ ሰማሁ። ጋሼ እያጠበልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ አንደኛው አበባ ተንቀሳቀሰ። ሐረጉም ተከተለው። ከላይ ወደ ታች አንድ ሰፊ ቁራጭ ተሸለቀቀና በቦታው የአህያ ፊት ታየኝ።

እህል በረንዳ ጤፍ አራግፎ የሚመለስ አህያ ነው። ጨዉን ቀመሰው፣ ጣመው፣ ጠርዙን ይዞ ከነላስቲኩ ይልሰዋል። ጥርሱ ላይ ቀይ አበባ ተንጠልጥሏል። እኔንም ትክ ብሎ ያየኛል፤ ከብዙዎቹ አላፊዎች በተለየ በእርግጥ እኔን ነበር የሚያየው። ከአህያው ትከሻ ጀርባ ደግሞ ነጠላዋን ራሷ ላይ የጣለች፣ ጓዝ ያዘለች ሴት ቆማለች።

"በአላህ!" አለች እናቴ። "ሰው አልበቃ ብሎ!"

ባለአህያው ሮጦ ደረሰና "እናቴ፣ ይማሩኝ፣ መኖ መስሎት ነው" እያለ ጎተተው። አህያው አልሄድ አለ። እትዬ ዱላ ይዘው ወጡ፤ በሩ ላይ ያለውም ላስቲክ በግርግሩ ግማሹ ተቀደደ። የቀረው በደረቀ ሙጫ ተኮራምቶ እከክ መሰለ።

እናቴ ገባች። ሳመችኝ፣ ሆዴን ዳበሰች፣ ዱዓ አደረገችልኝ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጥታ ተቀመጠች። ጓዟን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አደረገችው፤ አልፈታችውም። ያቺ እንደታሰረች የተቀመጠች ጓዝ ሁሉን ነገረችኝ።

"ዕቃሽን ሰብስቢ ልጄ። ነገ በማለዳ እንሄዳለን።"

ባለቤቴ ወሬውን ሰምቶ ከጎማ ተራ እየሮጠ መጣ። አማቱ ፊት እጁን አጣምሮ ቆመ። "እናቴ፣ እስከ ማታ ይታገሱን። እስከ ማታ ብቻ። ካልሆነ ራሴ አውቶቡስ ተራ አደርስዎታለሁ።"

እናቴ ቀና ብላ አየችው። "እስከ ማታ የት እሄዳለሁ፤ ተቀምጫለሁ።"

ጋሼ እሱ ዘንድ የቀረውን ይዞ መጣ፤ ከጥቅሉ የተረፈው ያችው ነች። እኔ ይህን ጊዜ ማንንም አልጠየቅሁም። "በውስጥ በኩል ነው። ዱቄት የሚባል ነገር እንዳላይ" አልኩ። እትዬ ድስታቸውን ይዘው ወደ ጓዳቸው ሄዱ፤ ወዲያው ግን ድስቱን ትተው ተመልሰው መጡ። በሳቸው ጥፋት ልሄድባቸው መሆኑን አውቀዋል። ቢላዋ በጨርቅ ጠቅልለው የደረቀውን ሙጫ ከውጭ ይፍቁ ጀመር።

ውስጡ አቧራ የለም፣ ነፋስ የለም። መስታወቱን አጠብኩት፣ አለቀለቅሁት፣ እንደራሰ ተውኩት። ባለቤቴ ወረቀቱን ሲልጥ እኔ ከታች ይዤ፣ ከላይ አስነክተን ለቀቅነው። እንደ መሐረብ ተኛ። ጎማውን ይዞ ከመሐል ወደ ዳር፣ ከመሐል ወደ ዳር። ውሃው በጠርዙ እየተገፋ ወደ ባልዲው ይወርዳል። እናቴ ጀርባዋን እንደሰጠች ነው፤ የጎማውን ድምፅ ስትሰማ ግን አንገቷ ትንሽ ትንሽ ይዞራል።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ ወደ በራችን ዞረች። እናቴ ጭኗ ላይ ያለችው ጓዝ በነጭ ነጠላ የተቋጠረች ነበረች። ነጠላው ላይ ቀይ አበባ ወደቀ። ቀጥሎ ሰማያዊ። እናቴ በእጇ ልታራግፈው ሞከረች፤ አበባው እጇ ላይ ወጣ። እጇን ገለበጠችው፣ መዳፏም ላይ አለ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"መስታወቱ ነው እማዬ።"

ተነሳች። ጓዟን እንዳቀፈች ወደ ውጭ ወጣች። "እትዬ፣ እስቲ እዚያ አልጋ ላይ ይቀመጡልኝ" አለቻቸው። እትዬ ሄደው ተቀመጡ። እናቴ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች፣ በሁለት እጆቿ ከለለች፣ ወዲህ ዞረች፣ ወዲያ ዞረች።

"ምን እያደረጉ ነው አሁን?" ብላ ጮኸች ከውጭ።

"ምላሴን እያወጣሁብዎ ነው!" አሉ እትዬ፤ እውነትም አውጥተዋል።

"እኔ የማየው ጉም ነው!"

"ኧረ አሁን ደግሞ ዓይኔን እያጉረጠረጥኩ ነው!"

"አይታይም! ወላሂ አይታይም!"

ባለቤቴ ትከሻው መሳቅ ጀመረ። ይሄኔ አንድ ከገጠር የመጣ ሰውዬ በጉን እየጎተተ መጣና እናቴ አጠገብ ቆመ። መስታወቱን አየ። "እናቴ፣ ይሄ አበባው በክንድ ስንት ነው?"

እናቴ ቀጥ አለች። ነጠላዋን አስተካከለች። "ቤት ነው!" አለችው። "አራስ የሚቀመጥበት ቤት ነው። ሂድ ወደ ገበያህ!"

ያቺ "ቤት ነው" ዛሬም ድረስ በጆሮዬ አለች።

ገባች። ጓዟን ግን ገና አልፈታችም፤ የኔ እናት እንዲህ በቀላሉ አትለቅም። ቬትሪናውን ከላይ እስከ ታች መረመረችው። ላስቲኩ አልበቃ ብሎን በታችኛው ማዕዘን በኩል አንድ መዳፍ የምታክል ቦታ ክፍት ቀርታ ነበር። እኛ እንዳታይብን በርጩማ አስጠግተንባታል። በርጩማውን ገፋ አደረገችው።

"ይቺስ?"

"ነገ ጋሼ ቁራጭ ይፈልግልኛል፣ እንደፍናታለን" አልኩ።

"ከውጭ ሰው ጎንበስ ብሎ ቢያይ?" ብላ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና እሷው ራሷ ጎንበስ ብላ አየች። አየች። ቆየች።

"እማዬ?"

"ቆይ፣ ቆይ። ያ ሰውዬ በጉን ሊሸጠው ነው መሰል። አዎ፣ እየተጨቃጨቁ ነው። ኧረ እሱ የሰጠው ዋጋማ አይሆንም!" ከዚያ ወደኛ ሳትዞር፣ ዓይኗ ክፍቷ ላይ እንዳለ፣ ጓዟን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና በአንድ እጇ ቋጠሮውን ትፈታ ጀመር። ከውስጡ በሶ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ለሕፃኑ የፈተለችው ነጭ ኩታ ወጣ። "ያዢ፣ ቅቤው ፀሐይ እንዳይመታው" አለችኝ። "አይተሽዋል? ሸጠው ሞኙ!"

እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ባለቤቴ ጎማውን ይዞ እንደቆመ ነው።

ልጄ ተወለደች፤ ሴት ናት። አማኑኤል አካባቢ ካለው ጤና ጣቢያ ይዘናት ስንመጣ የመጀመሪያው የቤታችን ብርሃን ፊቷ ላይ አበባ ሆኖ ወረደባት። እናቴ አረሰችኝ፤ ገንፎውን እሷ ስታገነፋ እትዬ ያማስላሉ፣ ስለ ጨዉ ሁልጊዜ ይጨቃጨቃሉ። "እትዬ፣ ጨው እርስዎ አይያዙ" ትላቸዋለች እናቴ። በኋላ ጋሼ አንድ ቁራጭ አግኝቶ ማዕዘኗን ሊደፍንልን መጣ። እናቴ በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች እጇን መስታወቱ ላይ ዘርግታ ከለከለችው።

"ተወው ልጄ። ይቺ የኔ ናት።"

ያ አህያ ጠዋት ጠዋት ከእህል በረንዳ ሲመለስ በራችን ላይ መቆሙን አልተወም። ጆሮውን አቁሞ ንጹሑን መስታወት አንድ ጊዜ ይልሰዋል፤ ምንም የለም። ባለቤቱ ይጎትተዋል። እናቴ በክፍቷ በኩል አፍንጫው ድረስ ጎንበስ ብላ "ዛሬም አልተቀባም፣ ደህና ዋል" ትለዋለች።

አርባዬን ጨርሼ፣ ልጄም በደንብ መሳቅ ጀምራ፣ እናቴ ልትሄድ ነው ስንል ጓዟ እንደተፈታ ነበር። ዛሬ አስራለሁ፣ ነገ አስራለሁ ትላለች። አንድ ቀን ባለቤቴ ሳቁን ይዞ፣ አውቶቡስ ተራ ላድርስዎ ወይ ብሎ ጠየቃት።

"የምን ጥድፊያ ነው?" አለችው ከበርጩማዋ ላይ። "ያ ማዶ ያለው ቆርቆሮ ሻጭና ሚስቱ ተኳርፈው ነው የከረሙት። ሲታረቁ ልይና እሄዳለሁ።"